የመኪና እሳት ታሪክ በነጌሌ ቦረናና በደቡብ ቆላ መንገዶች

ስለ ደቡብ ቆላ ከተሞች የሚጽፉ ሰዎች ብዙውን ጊዜ የሚያነሡት ጦርነትን፣ ድንበርን፣ የከብት ንግድንና የዝናብን መጥፋት ነው። ይህም ተገቢ ነው። እኛ ግን በዚህ በትምህርት ቤታችን የበዓል መጽሔት ላይ እንድንጽፍ ዕድል በተሰጠን ጊዜ፣ ከእነዚህ ሁሉ ያነሰችና በዓይን ለማየት እንኳ የምታስቸግር አንዲት ነገር መረጥን። ይህችውም በቤንዚን ሞተር ውስጥ የምትፈነጥቀው የኤሌክትሪክ እሳት ናት።

አንባቢ ሆይ፣ ስለ እንዲህ ያለ ጥቃቅን ነገር ታሪክ መጻፍ ምን ይጠቅማል ትለን ይሆናል። ነገር ግን ከነጌሌ ወደ ፊልቱ ወይም ወደ ዶሎ ኦዶ፣ ከያቤሎም ወደ መጋ የተጓዘ ሰው ይህች እሳት በጠፋች ጊዜ ምን እንደሚሆን ያውቃል። ነጋዴው ከነሸቀጡ፣ በሽተኛው ከነሕመሙ፣ መምህሩ ከነመጽሐፉ ከግራር ሥር ይቀራል። ዛሬም የድሮ ላንድ ሮቨር፣ ቮልስዋገን ወይም የቤንዚን ላንድ ክሩዘር ያላቸው ሰዎች አንድ ጥያቄ ይጠይቃሉ፤ የድሮውን እሳት አቀጣጣይ አውጥተን በኤሌክትሮኒክ እንለውጠው ወይስ እንዳለ እንተወው? ጥያቄው የመካኒክ ብቻ ይመስላል። በእውነቱ ግን የታሪክ ጥያቄ ነው፤ ምክንያቱም ይህች እሳት በተሻሻለች ቁጥር የሰው ልጅ አንድ ነገር አግኝቷል፤ አንድ ነገርም ከእጁ ወጥቷል። የእኛን መልስ ከመስጠታችን በፊት ነገሩን ከሥሩ እንመርምር።

እሳቱ ምንድን ነው?

የቤንዚን ሞተር የሚሠራው ከአየር ጋር የተቀላቀለው ቤንዚን በሲሊንደር ውስጥ ታምቆ በተገቢው ቅጽበት ሲቀጣጠል ነው። የሚያቀጣጥለውም በካንዴላው ጫፍ ላይ፣ ከአንድ ሚሊ ሜትር ባነሰ ክፍተት መካከል የምትዘል እሳት ናት። ባትሪው የሚሰጠው 12 ቮልት ብቻ ሲሆን፣ ይህች እሳት በታመቀው አየር ውስጥ ለመዝለል ብዙ ሺህ ቮልት ያስፈልጋታል። ስለዚህ የዚህ ታሪክ ቁም ነገር ትንሹን ኃይል ወደ ትልቅ ማሳደግ ነው።

የብልሃቱ ሥር እንግሊዛዊው ሊቅ ማይክል ፋራዴይ እ.ኤ.አ. በ1831 ያገኘው የተፈጥሮ ሕግ ነው። በመኪናው ውስጥ ቦቢና የሚባለው ዕቃ በአንድ ብረት ላይ የተጠቀለሉ ሁለት ሽቦዎች አሉት። አንደኛው ወፍራም ሆኖ ጥቂት መቶ ዙር፣ ሁለተኛው ቀጭን ሆኖ ብዙ ሺህ ዙር ይጠቀለላል። በወፍራሙ ሽቦ የሚሄደው ኤሌክትሪክ በድንገት ሲቋረጥ በቀጭኑ ሽቦ ላይ እስከ 20,000 ቮልት የሚደርስ ኃይል ይነሣል። ይህም ኃይል በእሳት አከፋፋዩ በኩል ለየካንዴላው ተራ በተራ ይታደላል።

ታዲያ ኤሌክትሪኩን በድንገት የሚያቋርጠው ማን ነው? በድሮ መኪናዎች ይህ ሥራ የሁለት ትንንሽ የብረት ነጥቦች ነው። ጣሊያኖች ፑንቲኔ ይሏቸዋል። በእሳት አከፋፋዩ ውስጥ የሚሽከረከረው ማዕዘናም ዘንግ አንደኛውን ነጥብ እየገፋ ከሌላው ይለየዋል፤ በተለያዩም ቁጥር አንድ እሳት ትወለዳለች። በመካከላቸው የሚተወው ክፍተት ወደ 0.4 ሚሊ ሜትር ያህል ነው። ከጎናቸው የምትታሰረው ኮንዴንሰር የምትባለው ትንሽ ዕቃ ደግሞ ነጥቦቹ በራሳቸው እሳት እንዳይቃጠሉ ትጠብቃለች።

የእነዚህ ነጥቦች ድካም የሚያስደንቅ ነው። አራት ሲሊንደር ያለው ሞተር በደቂቃ 3,000 ጊዜ ሲዞር ነጥቦቹ በሴኮንድ 100 ጊዜ፣ በአንድ ሰዓት 360,000 ጊዜ ይከፈታሉ፤ ይዘጋሉም። በዚህም ምክንያት ፊታቸው እየተበላ ይጎደጉዳል፤ ዘንጉን የሚነካው ክፍላቸውም እየተፋቀ ክፍተታቸው ይጠብባል። እሳቱም ከጊዜው ይዘገያል። ስለዚህ በየጥቂት ሺህ ኪሎ ሜትሩ መስተካከልና መለወጥ አለባቸው።

ታሪኩ በዓለም

በኤሌክትሪክ እሳት የሚሠራ ሞተር በመሥራት ከቀደሙት አንዱ ኤትየን ለኗር ሲሆን ዘመኑም እ.ኤ.አ. 1860 ነው። እ.ኤ.አ. በ1886 ጀርመናዊው ካርል ቤንዝ በቤንዚን የምትሄድ ባለ ሦስት ጎማ ሠረገላ ባስመዘገበ ጊዜ እርሱም ባትሪና ቦቢና ተጠቅሞ ነበር። ከሁለት ዓመት በኋላ ባለቤቱ ቤርታ ቤንዝ ሁለት ልጆቿን ይዛ ከማንሃይም እስከ ፎርትስሃይም ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ ተጓዘች። እንደሚተረከውም በመንገድ ላይ የእሳቱ ሽቦ ልብስ ተልጦ ባስቸገራት ጊዜ በካልሲ ማሰሪያዋ ሸፈነችው፤ የቤንዚኑ ቧንቧ በተደፈነ ጊዜም በባርኔጣዋ መርፌ ከፈተችው። እንግዲህ በዓለም ላይ የመጀመሪያው የረጅም መንገድ የመኪና ጉዞ ከግቡ የደረሰው ተጓዧ በእጇ ባለው ነገር እሳቷን ለመጠገን ስለቻለች ነው። ይህን ነገር አንባቢ እንዲያስታውስልን እንለምናለን።

ቀጥሎም እ.ኤ.አ. በ1902 በሮበርት ቦሽ ፋብሪካ ጎትሎብ ሆኖልድ የተባለው መሐንዲስ ያለ ባትሪ እሳት የሚያመነጭ ባለ ከፍተኛ ቮልት ማግኔቶ ሠራ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ አሜሪካዊው ቻርልስ ኬተሪንግ ባትሪን፣ ቦቢናንና አንድ ጥንድ ነጥብን ያጣመረ ሥርዓት አዘጋጅቶ በ1910 ሞዴል ካዲላክ ላይ ዋለ። ይህ የኬተሪንግ ሥርዓት ርካሽና ቀላል ስለ ሆነ ከስድሳ ዓመት በላይ በዓለም መኪናዎች ላይ ነገሠ። በአገራችን የሚታዩት የድሮ ቮልስዋገኖች፣ ፊያቶችና ላንድ ሮቨሮች ሁሉ የዚሁ ሥርዓት ልጆች ናቸው።

ወደ አገራችንና ወደ ደቡብ ሲመጣ

ወደ ኢትዮጵያ መጀመሪያ የመጡት ኦቶሞቢሎች በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን በ1900 ዓ.ም. ናቸው። ቤድ ቤንትሊ የተባለው እንግሊዛዊ ሲድሊ የተባለችውን ኦቶሞቢል፣ አርኖልድ ሆልትስ የተባለው ጀርመናዊም ናከ የተባለችውን ኦቶሞቢል በበረሃና በተራራ አድርገው አዲስ አበባ አደረሱ። በዚያ ዘመን ጋራዥ አልነበረም፤ ሹፌሩ ራሱ መካኒክ ነበር።

በደቡብ ቆላ ግን መኪና በብዛት የታየው በመከራ ዘመን ነው። በ1928 ዓ.ም. ራስ ደስታ ዳምጠው የሲዳሞን ጦር ይዘው ወደ ዶሎ ሲወርዱ፣ ጄኔራል ግራዚያኒ በከባድ መኪናዎች፣ በብረት ለበስ መኪናዎችና በአውሮፕላኖች ተዘጋጅቶ ጠበቃቸው። በታኅሣሥ 20 ቀን 1928 ዓ.ም. በገናሌ ወንዝ ዳር በመልካ ዲዳ የሰፈረው የስዊድን ቀይ መስቀል ሐኪም ቤት ከአየር ተደበደበ፤ በዚያ ያገለግሉ ከነበሩት አንዱ ሐኪም ፍሪዴ ሂላንደር ነበሩ። በገናሌ ዶርያ ውጊያ የራስ ደስታ ጦር ከተበተነ በኋላ የጠላት መኪናዎች ጥር 11 ቀን፣ በጥምቀት ዕለት፣ ነጌሌ ገቡ። ግራዚያኒም ከዚህ የተነሣ «የነጌሌ ማርኪስ» የሚል ማዕረግ ተሰጠው። በእግሩ የሚጓዝ፣ ስንቁን በአህያና በግመል የሚያስጭን ጀግና ሠራዊት በሞተር ከሚጓዝ ጦር ጋር ሲገጥም ርቀትና ውሃ ጥም ለሞተሩ እንዳገዙት ከዚህ እንረዳለን።

አምስት ዓመት ቆይቶ ግን ነገሩ ተገለበጠ። በየካቲት 1933 ዓ.ም. የደቡብ አፍሪካ ጦር ከኬንያ በመኪና ተነሥቶ፣ በከባድ ዝናብና በጭቃ ውስጥ አልፎ፣ የካቲት 11 ቀን መጋን ከጣሊያኖች እጅ አስለቀቀ።

ጣሊያኖች ሄዱ፤ ቃላታቸው ግን በጋራዦቻችን ቀረ። ዛሬም ካንዴላ፣ ቦቢና፣ ፍሬን፣ ማርሽ፣ ጎማ፣ ካቻቪቴ ስንል የምንናገረው ከጣሊያንኛ የተወረሰውን የመካኒክ ቋንቋ ነው። ጎማ የሚጠግነውንም ጎሚስታ እንላለን። መካኒኮቻችን ይህን ሙያ የተማሩት በአብዛኛው ከመጽሐፍ ሳይሆን በማየትና በመንካት፣ ከጌታው ወደ ረዳቱ በማስተላለፍ ነው።

ከጦርነቱ በኋላ ላንድ ሮቨር እ.ኤ.አ. በ1948 ለዓለም ታየ፤ ቶዮታም ባለ 40 ቁጥሩን ላንድ ክሩዘር እ.ኤ.አ. በ1960 ማውጣት ጀመረ። እነዚህ መኪናዎች ለመንግሥት ሠራተኛውም፣ ለሚሲዮኑም፣ ለሐኪሙም የቆላ ፈረሶች ሆኑ። እርግጥ ነው፤ ከባድ ጭነቱን የተሸከሙት እንደ ፊያት ኤንትሬ ያሉት የናፍጣ መኪናዎች ናቸው። የናፍጣ ሞተር ደግሞ አየሩን በኃይል አምቆ በሙቀቱ ስለሚያቀጣጥል ካንዴላም ፑንቲኔም አያስፈልገውም። ስለዚህ ይህ ጽሑፋችን የሚመለከተው የቤንዚኑን ወገን ብቻ ነው።

ከታሪካችን ሳናነሣው የማናልፈው አንድ ነገር አለ። በጥር 4 ቀን 1966 ዓ.ም. በነጌሌ ቦረና የነበሩት የ4ኛው ብርጌድ ወታደሮች ዐመፁ። ምክንያቱም የምግባቸው መበላሸትና የውሃ እጦት ነበር፤ የወታደሮቹ የውሃ ፓምፕ ተሰብሮ ሳለ መኮንኖቹ ከራሳቸው ጉድጓድ እንዳይቀዱ ከለከሏቸው። ጉዳዩን እንዲመረምሩ የተላኩትን ጄኔራል ደረሰ ዱባለንም ይዘው እነርሱ የሚበሉትንና የሚጠጡትን እንዲቀምሱ አስገደዷቸው። ዐመፁ ወደ ሌሎች የጦር ክፍሎች ተዛመተ፤ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ከዙፋናቸው ወረዱ። የአብዮቱ ምክንያት አንድ ፓምፕ ነው ማለታችን አይደለም፤ የበደሉ ክምር የቆየ ነበር። ነገር ግን በውሃ በተጠማ አገር የአንድ መሣሪያ መቆም ተራ ነገር እንዳልሆነ፣ ሌላ አማራጭ ሲዘጋ ደግሞ ምን እንደሚያስከትል ከዚህ የበለጠ ምስክር አይገኝም።

የትራንዚስተር ዘመን

እ.ኤ.አ. በ1947 በአሜሪካ በቤል ላቦራቶሪ ባርዲን፣ ብራተንና ሾክሊ የተባሉት ሊቃውንት ትራንዚስተርን ሠሩ፤ በ1956ም የኖቤል ሽልማት ተቀበሉበት። ትራንዚስተር ማለት ምንም የሚንቀሳቀስ አካል ሳይኖረው ኤሌክትሪክን የሚከፍትና የሚዘጋ ዕቃ ነው። መሐንዲሶችም ነጥቦቹን ከድካማቸው የሚያሳርፍ ነገር መገኘቱን ወዲያው ተረዱ።

አሠራሩም በሁለት መንገድ ሄደ። በአንደኛው መንገድ ፑንቲኔው በቦታው ቀርቶ ትራንዚስተሩን ለማዘዝ የምትበቃ ጥቂት ኤሌክትሪክ ብቻ እንዲሸከም ተደረገ። ይህ ሲሆን ፊቱ አይቃጠልም፤ ዘንጉን የሚነካው ክፍል መፋቁ ግን አይቀርም። በሁለተኛው መንገድ ፑንቲኔው ጨርሶ ተወገደ። በምትኩ በዘንጉ ላይ ማግኔት ያለበት ቀለበት ይገባል፤ ከጎኑም የማግኔቱን ማለፍ የሚያውቅ ትንሽ መሣሪያ ይቆማል። ከእነዚህ መሣሪያዎች ብዙዎቹ የሚሠሩት ኤድዊን ሆል የተባለው አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1879 ባገኘው ሕግ ነው። ሌሎች ደግሞ በብርሃን ጨረር ይሠራሉ።

ፖንቲያክ በ1963 ሞዴል አንዳንድ መኪናዎቹ ላይ ይህን ነጥብ አልባ እሳት ለሚፈልግ ገዢ አቀረበ። ፊያት ዲኖ እ.ኤ.አ. በ1968 ከፋብሪካው ጀምሮ ኤሌክትሮኒክ እሳት ይዞ ወጣ። ክራይስለርም በ1973 ሞዴሎቹ ላይ አስገባው። ከዚያ ወዲህ ፑንቲኔ ከአዲስ መኪናዎች እየጠፋ ሄደ።

የድሮውን መኪና መለወጥ

ዛሬ ለድሮ መኪናዎች ተብለው የሚሠሩ የመለወጫ ዕቃዎች አሉ። ሥራውም ለጠንቃቃ ሰው የሚከብድ አይደለም። የባትሪው ሽቦ ይፈታል፤ የእሳት አከፋፋዩ ክዳን ይነሣል፤ ፑንቲኔውና ኮንዴንሰሩ ይወጣሉ። ቀለበቱ በዘንጉ ላይ ይገባል፤ አነፍናፊው መሣሪያ በፑንቲኔው ቦታ ይታሰራል፤ ሁለቱ ሽቦዎቹም ከቦቢናው ሁለት ጫፎች ጋር ይገናኛሉ። በመጨረሻም እሳቱ በጊዜው መምጣቱ በመብራት ይለካል።

ጥቅሙን ስንመዝን ግን ማጋነን አይገባም። በሚገባ የተስተካከለ ፑንቲኔ ያለው ሞተር ኤሌክትሮኒክ ስለ ገባለት ብቻ ብርቱ አይሆንም። ትልቁ ጥቅም ሞተሩ በተስተካከለበት ዕለት እንደነበረ ሆኖ መቆየቱ ነው። የሚነካካ ነገር ስለሌለ የሚፋቅ ነገር የለም፤ እሳቱም ከጊዜው አይዘገይም። ሞተሩ ጠዋት በቀላሉ ይነሣል፤ ሳይቃጠል በጭስ ማውጫ የሚወጣ ቤንዚንም ይቀንሳል። የቆላው አቧራ በነጥቦች መካከል እየገባ የሚያደርሰው ጣጣም ይቀራል። በዚህ ረገድ በማግኔት የሚሠራው በብርሃን ከሚሠራው ለአቧራማ አገር ይመቻል፤ ጨረር በእድፍ ይሸፈናል፤ ማግኔት ግን አይሸፈንም።

ነገር ግን «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» እንደሚባለው፣ በችኮላ የገባ ዕቃ በመንገድ ያስቀራል። አስቀድሞ መታወቅ ያለባቸው ነገሮች አሉ። አንደኛ፣ ብዙ የድሮ የእንግሊዝ መኪናዎች የባትሪያቸውን ፖዘቲቭ ጫፍ ከመኪናው አካል ጋር ያስሩ ነበር፤ የዛሬ መኪና ግን ኔጌቲቩን ያስራል። ይህን ሳይለዩ የሚያገናኙ ሰዎች ዕቃውን በአንድ ቅጽበት ያቃጥሉታል። ሁለተኛ፣ ብዙዎቹ የድሮ ቮልስዋገኖች 6 ቮልት ስለ ነበሩ የ12 ቮልት ዕቃ አይስማማቸውም። ሦስተኛ፣ ቦቢናው ከመሣሪያው ጋር የሚስማማ መሆን አለበት፤ ከተወሰነው በላይ ኤሌክትሪክ የሚያሳልፍ ከሆነ ትራንዚስተሩ በሙቀት ይሞታል። አራተኛ፣ ሞተሩ ሳይነሣ ቁልፉን ከፍቶ መተው ብዙዎቹን ዕቃዎች ይጎዳል። አምስተኛ፣ የእሳት አከፋፋዩ ዘንግ ከመቀመጫው ላልቶ የሚወዛወዝ ከሆነ ኤሌክትሮኒኩ በሽታውን በከፊል ይሸፍነዋል እንጂ አያድነውም።

የቆላው ፈተና

እስከዚህ ድረስ የተናገርነው በአዲስ አበባም በሎንደንም እኩል እውነት ነው። በደቡብ ቆላ ግን ሌላ ዳኛ አለ፤ እርሱም ርቀት ነው። ነጌሌ ከአዲስ አበባ ወደ 600 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች። ከነጌሌ ወደ ዶሎ ኦዶ ሲወርዱ ደግሞ ከ1,400 ሜትር በላይ ከሆነ ከፍታ ተነሥተው ገናሌና ዳዋ ወደሚገናኙበት ሞቃት ቆላ ይደርሳሉ። በዚህ መንገድ ላይ የቆመ መኪና የሚጠይቀው ጥያቄ የትኛው ዕቃ የተሻለ ነው የሚል ሳይሆን፣ አሁን እዚህ ባለን ነገር እንጠግነዋለን ወይ የሚል ነው።

ፑንቲኔ ከመሞቱ በፊት ይናገራል። ሞተሩ በጠዋት ያስቸግራል፤ ዳገት ላይ ያስላል፤ ይንተባተባል። ሹፌሩም ክዳኑን ከፍቶ ነጥቦቹን በብርጭቆ ወረቀት ጠርጎ፣ ክፍተቱን በስስ ብረት ለክቶ፣ ባይኖረውም በወፍራም ወረቀት ገምቶ መንገዱን ይቀጥላል። ባትሪው ቢደክም እንኳ ሰው ተሰብስቦ ገፍቶ ያስነሣዋል። ኤሌክትሮኒኩ ግን ዘወትር ታማኝ ሆኖ ይቆይና ሲሞት አብዛኛውን ጊዜ ሳይናገር በድንገት ይሞታል። አካሉ በፕላስቲክ ስለ ታሸገ አይፈታም፤ አይጠረግም፤ አይጠገንም፤ ይጣላል። ምትኩም በመንገድ ዳር ሱቅ አይገኝም። ሙቀት የኤሌክትሮኒክ ጠላት መሆኑ፣ የደከመ ባትሪም አንዳንዶቹን መሣሪያዎች ጨርሶ ሥራ ማስፈታቱ ሲጨመርበት፣ ቆላው ለዚህ ዕቃ ቀላል አገር እንዳልሆነ ይገባናል።

እንግዲህ አሁን የክርክሩ ሁለት ወገኖች ተለይተው ይታያሉ። አንደኛው ወገን «አሮጌው ይሻላል፤ በእጃችን ነው» ይላል። ሁለተኛው «አዲሱ ይሻላል፤ አይበላሽም» ይላል። እኛ ሁለቱም ግማሽ እውነት ይዘዋል እንላለን። ፑንቲኔን የሙጥኝ ማለት በየጥቂት ሺህ ኪሎ ሜትሩ የሚመጣውን ብልሽት ወድዶ መቀበል ነው፤ በሽተኛ ለሚጭን መኪና ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። አሮጌውን ጥሎ በአዲሱ ብቻ መታመን ደግሞ «የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች» የተባለው ይሆናል።

ምን ይሻላል?

የእኛ አሳብ ይህ ነው። መኪናው ይለወጥ፤ ነገር ግን የወጣው ፑንቲኔ አይጣል። ክፍተቱ ተስተካክሎ፣ ኮንዴንሰሩ ከነሽቦው ተያይዞ፣ አብራው የምትሠራ ቦቢና ካለችም ተጨምራ፣ አቧራ በማያስገባ ቆርቆሮ ውስጥ ካቻቪቴ ታክሎበት ከመቀመጫ ሥር ይቀመጥ። ኤሌክትሮኒኩ በመንገድ ቢሞት ሹፌሩ አሮጌውን መልሶ አስሮ እስከሚቀጥለው ከተማ ይደርሳል። ፑንቲኔውን በቦታው ለትራንዚስተር አዛዥነት የሚተው ዓይነት ከተገኘም መልካም ነው፤ ከእነዚህ ውስጥ በአንድ ማዞሪያ ወደ ድሮው አሠራር እንዲመለሱ ሆነው የተሠሩ ነበሩ።

ይህ የፈሪ ምክር አይደለም። በሰማይ የሚሄዱት የቤንዚን አውሮፕላኖች ለአንድ ሞተር ሁለት ማግኔቶ፣ ለእያንዳንዱ ሲሊንደር ሁለት ካንዴላ የሚይዙት በዚሁ ምክንያት ነው፤ አንዱ ቢሞት ሁለተኛው ያሳርፋልና። የቦረና ሕዝብም ይህን ጥበብ ከማንም ቀድሞ ያውቃል። በያቤሎና በመጋ መካከል፣ በዱብሉቅና በሌሎችም ስፍራዎች፣ ቱላ የሚባሉት ዘጠኙ የታወቁ ጥልቅ ጉድጓዶች አሉ። ሰዎች በጉድጓዱ ግድግዳ ላይ ከታች እስከ ላይ ተደርድረው፣ በዜማ እየተቀባበሉ፣ የውሃውን ባልዲ ከእጅ ወደ እጅ ያወጣሉ። ሞተር ሲቆም ይህ ሥርዓት አይቆምም። ፓምፕ መልካም ነው፤ ፓምፕ ሲሰበር ግን ተሰልፎ መቅዳት የሚያውቅ ሕዝብ አይጠማም።

ከዕቃውም ይልቅ የሚያስፈልገው ዕውቀቱን ማስቀመጥ ነው። ፑንቲኔ በቆርቆሮ ውስጥ ቢኖር፣ ክፍተቱን ማስተካከል የሚያውቅ ሰው ከሌለ ብረት ብቻ ነው። ይህን የሚያውቁት በዕድሜ የገፉት መካኒኮቻችን ናቸው፤ ከመካከላቸው ብዙዎቹ ዕውቀታቸውን በጽሑፍ አላኖሩም። የዛሬ ወጣት ረዳት በናፍጣ መኪናና በኮምፒውተር በሚመረመር ሞተር ላይ ስለሚያድግ ፑንቲኔ ሳይነካ ሊሰለጥን ይችላል። ስለዚህ ተማሪዎች በየከተማችን ያሉትን አረጋውያን መካኒኮች ጠይቀን፣ የሚሉትን ጽፈን፣ የሚሠሩትን ሥለን ብናስቀምጥ ለትምህርት ቤታችን ቤተ መጻሕፍት የማይናቅ ስጦታ ይሆናል። በፊዚክስ ክፍል የፋራዴይን ሕግ ስንማርም አንዲት አሮጌ ቦቢና፣ አንድ ፑንቲኔና አንድ ባትሪ በጠረጴዛ ላይ ቢኖሩ፣ መምህሩ በጥንቃቄ የሚያሳየን እሳት ከአሥር ገጽ ንባብ ይበልጣል።

ጊዜውም ይህን ያስቸኩላል። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በኤሌክትሪክ የማይሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ወስኗል። የኤሌክትሪክ መኪና ካንዴላም ቦቢናም ፑንቲኔም የለውም፤ ለኖርና ቤንዝ የጀመሩት የእሳት ታሪክ ከእርሱ ዘንድ ያበቃል። እስከዚያ ግን መብራትና መሙያ ጣቢያ በራቀበት ቆላ የድሮዎቹ የቤንዚን መኪናዎች ገና ለብዙ ዘመን ያገለግላሉ፤ ዕድሜያቸውም የሚወሰነው በሚጠግናቸው እጅ ነው።

ከዚህ ሁሉ የምንማረው ነገር አንድ ነው። ሥልጣኔ ማለት አሮጌውን ሁሉ መጣል አይደለም፤ አዲሱን ሁሉ መፍራትም አይደለም። አዲሱን ስንቀበል «ይህ ዕቃ በበረሃ መካከል ቢቆም ምን እናደርጋለን?» ብለን አስቀድመን መጠየቅ ነው። ይህ ጥያቄ ለመኪና እሳት እንደሚሠራ ሁሉ ለውሃ ፓምፕም፣ ለስልክም፣ ለሐኪም ቤት መሣሪያም ይሠራል። ከትምህርት ቤታችን የምንወጣ ተማሪዎች በየምንሄድበት ከተማ መልሱን አዘጋጅተን የምንገኝ ሰዎች ያድርገን፤ ለአስተማሪዎቻችንና ለአንባቢዎቻችንም መልካም በዓል ይሁን።